ተራ ቁጥር አሥራ አራት

በእኛ አገር ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅህ ሰው በሁለት ቃል ካልመለስክለት፣ ወይ ሥራ ፈት ነህ ወይ የምትደብቀው ነገር አለህ። አስተማሪ፣ ነጋዴ፣ ሹፌር፣ ነርስ፤ አለቀ። ሰውየው «ጎበዝ» ይልና ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል። እኔ ይህ ዕድል አልገጠመኝም። ጠፈር ላይ ለሚንሳፈፍ የራጅ ቴሌስኮፕ መስታወት እሠራለሁ ስል፣ በጠያቂው ፊት ላይ መጀመሪያ ፈገግታ፣ ቀጥሎ ሐዘኔታ ይመጣል፤ በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቤተሰብ አለህ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል።

አከራዬ እትዬ አልማዝ ችግሩን በራሳቸው መንገድ ፈቱት። ለሰፈሩ ሁሉ «መስታወት ሠሪ ነው» ብለው ነገሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የአዳማ ባጃጅ ነጂዎች የተሰበረ ስፖኪዮ ይዘው በሬን ያንኳኳሉ። አንዱ እንዲያውም፣ ስፖኪዮ አልጠግንም ስለው፣ ለጠፈር የሚሠራ ሰው ለባጃጅ እንዴት ያቅተዋል ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ በንቀት አየኝ።

እስቲ ለእናንተ ልሞክር። ራጅ ተነሥታችሁ ታውቃላችሁ? ሸሚዛችሁን፣ ቆዳችሁንና የበላችሁትን ምሳ አልፎ አጥንታችሁ ጋ የሚደርስ ብርሃን ነው። እንዲህ ያለውን ይሉኝታ ቢስ ብርሃን ፊት ለፊቱ መስታወት ብትደቅኑበት ያልፈዋል ወይም መስታወቱ ይውጠዋል እንጂ አይመለስም። ይኸው ብርሃን ከሰማይም ይመጣል፤ ከፈነዱ ከዋክብትና ማንም ደርሶ ካልተመለሰባቸው ስፍራዎች። የምድር አየር ስለሚያስቀርልን (ተመስገን ነው) እሱን ማየት የፈለገ ሰው ቴሌስኮፑን ይዞ ወደ ጠፈር መውጣት ግድ ይለዋል። ታዲያ በምን ይያዛል? በዘዴ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከላይ ብትጥለው ይሰምጣል፣ አጋድመህ ብትወረውረው ግን ውሃውን እየነካ ይነጥራል። ራጅም መስታወቱን በጣም ተጋድሞ ሲታከከው ይነጥራል። ስለዚህ የእኛ መስታወት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን አትመስልም፤ ከትልቅ በርሜል ጎን ተቆርጣ የወጣች ቁራጭ ነው የምትመስለው። በርሜል በበርሜል ውስጥ፣ ያም በሌላ በርሜል ውስጥ እየገባ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ቁራጮች ተሰብስበው አንድ ቴሌስኮፕ ይሆናሉ።

ልስላሴዋንስ ልንገራችሁ? አንዷን ቁራጭ ከአዳማ እስከ ዝዋይ ድረስ ብንለጥጣት፣ በመንገዱ ሁሉ ላይ የምታገኙት ትልቁ ጉብታ ከአንዲት የአሸዋ ቅንጣት አይበልጥም። በዚያው መስመር በሚኒባስ የኋላ ወንበር የተጓዘ ሰው ይህን ሲሰማ ዕንባ ቢያቀርር አልፈርድበትም። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ደግሞ የት ይሠራል? የአገሩ ነፋስ ሁሉ ስብሰባ በሚቀመጥባት፣ ጠዋት የተወለወለ ጫማ አስፋልት ሳይሻገር አፈር በሚለብስባት አዳማ! ቦታውን እኔ አልመረጥኩም። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ስለሆነ እሱ ነው የመረጠኝ።

ቤተ ሙከራችን አንዲት ክፍል ናት። በውስጧም ሁለት ሰዎች አሉ፤ እኔና ሃዊ። ሃዊ የቡልቡላ ልጅ ናት፤ እጇ ከእጄ ይሻላል፣ ይህንንም ሳታስታውሰኝ የምታልፈው ቀን የለም። ሥራው ለወሬ ቀላል ነው። ከስልክ ስክሪን የቀጠነ መስታወት ለወራት በተወለወለ የቅርጽ ማውጫ ላይ ታስተኛለህ፣ ምድጃ ውስጥ ታስገባዋለህ፣ ሲግል ይለሰልስና በራሱ ክብደት ቅርጹን ይዞ ይተኛል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት። ብትቸኩል ይሰነጠቃል። መብራት ቢጠፋ ይሰነጠቃል። ሃዊ እንደምትለው እኔ ጎንበስ ብዬ በመስኮቱ ሳየውም ይሰነጠቃል። ከተረፈ መጨረሻ ላይ ለዓይን ውፍረት የሌለው የወርቅ ሽፋን ይለብሳል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሠላሳ በላይ ሰብረን አንዲት ብቻ ተረፈችን።

አንዷ ታዲያ ቀልድ አልነበረችም። ቴሌስኮፑን የሚገነቡት ባሕር ማዶ ያሉ ባለሙያዎች ለተለያዩ አገሮች ወርክሾፖች አንድ አንድ ናሙና ላኩ ብለው ነበር። ናሙናው ያለፈለት ወርክሾፕ ሥራ ይሰጠዋል። የወደቀው በጨዋ ደብዳቤ ይመሰገናል። ክፍሏን የሰጠን መሥሪያ ቤት ኃላፊ በበኩላቸው ነገሩን ግልጽ አድርገውልናል። ናሙናዋ ከወደቀች ክፍሏ ለተሰበሩ ወንበሮች ማከማቻ ትሆናለች፣ ወንበሮቹም ኮሪደር ላይ ተደርድረው ቀኑን ይጠብቃሉ። ጠዋት ጠዋት በመካከላቸው ሳልፍ የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር። የመላኪያው ሳጥን ዓርብ ከሰዓት ይዘጋል ተባለ።

የሃዊ አባት ኦቦ ገመዳ ከቡልቡላ የመጡት ሐሙስ ነው።

ኦቦ ገመዳ ሽንኩርት አምራች ናቸው፤ በዚያ ላይ የአካባቢው ሽማግሌ። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሲጋባ የሚመርቁ፣ ሁለት ጎረቤት በውሃ ቦይ ሲካሰስ መሐል የሚቀመጡ ናቸው። የመጡት በክስ ነበር። ተከሳሿ መስታወቷ ናት። ሃዊ የአጎቷ ልጅ ሰርግ ላይ አልተገኘችም፤ ከዚያም በፊት ሁለት በዓል ቀርታለች፤ በጠየቋት ቁጥር «መስታወቱ» ትላለች። አባቷ ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ የጠየቁኝን አልረሳውም። ሴት ልጅ መስታወት ፊት ብትቆይ ብትቆይ አንድ ሰዓት ነው፣ ሦስት ዓመት ምን ይባላል አሉኝ። ግማሽ ጆንያ ሽንኩርትም ይዘው ነበር። አንድ ብናኝ እንዳይገባ በሩን በፕላስቲክ መጋረጃ ወደጋረድነው ክፍል፣ አፈሩ ያልተራገፈ ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት! ጥበቃው ጋ አስቀመጥነው፤ ጥበቃው እስከ ዛሬ ያመሰግናቸዋል።

ባናስገባቸው ይሻል ነበር ትሉ ይሆናል። በሉ እናንተ ሞክሩት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ከቡልቡላ ድረስ ልጃቸው የምትሠራውን ሊያዩ መጥተው፣ «አይቻልም፣ እርስዎ አቧራ አለብዎት» የሚል አፍ የማን ነው? የእኔ አይደለም። ደግሞ ልመስክርላቸው፤ ከእኛ ኃላፊ የበለጠ ሥርዓት አክባሪ ነበሩ። ጫማ ያውልቁ ስንላቸው ቅዱስ ቦታ ጫማ እንደሚወለቅ አውቃለሁ ብለው አወለቁ። ነጭ ጋዋን ለበሱ፣ የፀጉር ቆብ አደረጉ፣ ጓንት አጠለቁ፣ ማስኩን አፍና አፍንጫቸው ላይ አስተካክለው አሰሩ። እኔ በልቤ ኩራት ተሰማኝ። አየህ፣ አልኩ ለራሴ፣ ሳይንስ ለሁሉም ሰው ክፍት መሆን አለበት።

ሃዊ ሽፋኑን አነሣች።

መስታወቷ በመያዣዋ ላይ ወርቅማ ሆና ጎበጥ ብላ ቆማለች፤ ጠርዟ ላይ ብርሃን እንደ ክር ይሄዳል። ሦስት ዓመት ከእሷ ጋር ኖሬ ያን ያህል ያማረችብኝ ቀን የለም። ሽማግሌው ጠጋ አሉ። ሰርግ ያስቀረችኝ ይቺ ናት አለቻቸው ሃዊ። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ክሱ የተነሣ መሰለኝ። የት እንደምትሄድ ጠየቁኝ፤ ወደ ሰማይ አልኳቸው፤ ከደመናውም ከአየሩም በላይ። ሲመለከቷት ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁ ጀመር፤ መጀመሪያ በኦሮምኛ «ነጋን ዴሚ፣ ነጋን ገሊ» አሉ፣ ቀጥሎ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ፣ በሰላም ሂጂ፣ በሰላም ግቢ፣ ዓይን አይብላሽ አሏት። በሰላም ግቢ የሚለው ላይ ትንሽ ደነገጥኩ። ጠፈር የሄደ መስታወት ወደ ምድር ሲገባ ጥሩ ዜና አይደለም። ቢሆንም አሜን አልኩ።

አሁን እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። እኛ ሰዎች ያማረ ነገር ስናይ ምን እናደርጋለን? ቀይ ጉንጭ ያለው ሕፃን ሲያሳዩን? የተመረቀ ልጅ ሲስመን? ምርቃት ደርቆ አይቀርም፣ ማሰሪያ አለው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር? አውቃለሁ! እናቴ ዩኒቨርሲቲ የላከችኝ ግንባሬን አርጥባ ነው። ግን ማስኩን አምኜ ተዘናጋሁ። ማስክ አለ፣ ከማስክ ምን ያልፋል ብዬ።

ኦቦ ገመዳ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ። በጨርቅ የተጣራ ምርቃት ይሰጣሉ ብዬ መገመቴ የእኔ የዋህነት ነው። «እትፍ፣ እትፍ፣ እትፍ!» አሉ።

«አሜን» አለ አፌ። አፌ ነው ያለው፤ እኔ የለሁበትም። ልጅ ሆኖ የለመደ አፍ ባለቤቱን አያማክርም።

ሦስት ነጠብጣብ ነበሩ። ቆጥሬያቸዋለሁ። አንዱ ትልቅ፣ መሐል ላይ፤ ሁለቱ ትናንሽ፣ ወደ ግራ። የአንድ ሰው የጣት አሻራ እንኳ የሚያበላሻትን፣ እኛ ራሳችን ትንፋሻችንን ቆጥበን የምንቀርባትን መስታወት፣ በዓርብ ዋዜማ! ማልቀስ ፈለግኩ፤ ትንሽ አለቀስኩም። ኦቦ ገመዳ ዕንባዬን አይተው ምርቃቱ ልቤን ነክቶት መሰላቸው፤ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉና ልጄን አደራ የሰጠሁት ለጥሩ ሰው ነው ብለው ሳይጨነቁ ወጡ። ከምሳ በኋላ ወደ ቡልቡላ ተሳፈሩ። በሩ ላይ ሆነን እጅ እያውለበለብን ሸኘናቸው። እኔ በግራ እጄ ደረቴን ይዤ ነበር።

ተመልሰን ስንገባ ሃዊን ላፈጥጥባት ፈለግኩ። ቀደመችኝ። አባቷን ለመውቀስ አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ አሜን ያልከው አንተ ነህ አለችኝ። ከዚያ ሥራ ጀመረች። በጨርቅ መጥረግ አይቻልም፤ ወርቁ ይላጣል። በተራ ውሃ ማጠብ አይቻልም፤ የእኛ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ጥርስ ላይ የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ፣ መስታወት ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት። የቀረን አንድ ነገር ነው፤ ጠብ ጠብ እያለ የሚጣራው ንጹሕ ውሃችን። የሁለት ሳምንት ጥርቅም ነበረን። ሃዊ መስታወቷን አቁማ ውሃውን ከላይ በቀጭኑ ለቀቀችባት፤ ሳትነካት፣ ሳትቸኩል፣ ከሰዓቱን ሙሉ። እኔ ወርቁ መላጥ ሲጀምር ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ውሃ አቀብል ነበር። አልተላጠም። ስትደርቅ ነጠብጣቦቹ የሉም። በመብራት አየናት፣ አጋድመን አየናት፣ በአጉሊ መነጽር አየናት፤ የሉም።

ጨርሰናል ስል ሃዊ ቅጹን አወጣች።

ከመስታወቷ ጋር የሚሄድ ቅጽ አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተደረገላት ነገር ሁሉ በተራ ቁጥር ይጻፍበታል፤ የነካት ነገር ካለም ምንነቱ፣ መጠኑና ምክንያቱ። ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ ደርሰናል። እኔ «የውሃ ጠብታ» እንበል አልኩ። ምራቅ ውሃ አይደለም? በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ሐኪም ጠይቁ። ሃዊ አልሰማችኝም። የአባቴን ምርቃት ውሃ ብዬ አልጽፍም አለች። ዓለም ይስቅብናል ብዬ ለመንኳት፣ ይሳቅ አለች፣ ውሸት ከተጻፈበት መስታወት የተሳቀበት መስታወት ይሻላል። ጻፈችም፦ «ተራ ቁጥር አሥራ አራት፤ የሽማግሌ ምራቅ፤ ሦስት ነጠብጣብ፤ ለምርቃት።» ከሥሩ «ተራ ቁጥር አሥራ አምስት፤ ረጅም እጥበት።» ፈረመች። እኔም ፈረምኩ፤ ሆን ብዬ ስላጣመምኩት ፊርማዬ የሌላ ሰው ይመስላል፣ በዚህም ትንሽ ተጽናናሁ።

ሳጥኑ ሄደ። ወራት አለፉ። ኮሪደር ላይ ያሉት ወንበሮች በዙ።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ቆሜ ማንበብ አልቻልኩም፤ ከተሰበሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጥኩና ወደቅኩ። መሬት ላይ ሆኜ ጨረስኩት። መስታወታችን አልፋለች! ማለፍ ብቻም አይደለም፤ ከተላኩት ሁሉ ንጹሕ የእኛዋ ናት ይላል። ምሥጢሩ ወዲያው ገባኝ። ያ እብድ እጥበት ዓይናችን ያላያቸውን የአዳማ ብናኞች ሁሉ ጠራርጎ ወስዷቸው ኖሯል። ኦቦ ገመዳ ባይተፉ ኖሮ አናጥባትም፣ ባናጥባት ኖሮ ወንበሮቹ ገብተው ነበር። ሃዊን አቅፌ ዘለልኩ። እሷም ዘለለች፤ በኋላ ግን አልዘለልኩም ብላለች።

የደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ ላይ ሃያ ቁራጭ እንድንሠራ ታዘናል። አንድ ሁኔታ ብቻ አለው። በዚህ ሙያ አንድ አሠራር ተፈትኖ ካለፈ በኋላ ምንም አይቀየርበትም። ጓንቱ ያው ጓንት፣ ምድጃው ያው ምድጃ፣ ቅደም ተከተሉ ያው ቅደም ተከተል። ስለዚህ፣ ይላል ደብዳቤው፣ ከተራ ቁጥር አንድ እስከ ማሸጊያው ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ያለው ሁሉ እንደነበረ ይቀጥል፤ አሥራ አራትንም ጨምሮ።

ጻፍኩላቸው። ጥቅም የሰጠው እጥበቱ እንጂ ምራቁ አይደለም አልኩ፤ በሥዕል አስረዳሁ። በትሕትና መለሱ። ተራ ቁጥር አሥራ አራት ለእኛም አልገባንም፣ ነገር ግን ያለፈችው መስታወት የተተፋባት ናት፤ ያልተተፋባት ማለፏን ማስረጃ የለንም። ማስቀረት ከፈለጋችሁ አዲስ ናሙና ሠርታችሁ ላኩና እንደገና ይፈተን፤ ተራው ሲደርስ እናሳውቃችኋለን። ያ ተራ እስኪደርስ ደግሞ ሌላ ሦስት ዓመት ነው። ቡልቡላ ግን ሩቅ አይደለም።

ሄድኩ። በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ፣ በአዳሚ ቱሉ አድርጌ፣ ጉብታውን ሁሉ በወገቤ እየቆጠርኩ። ኦቦ ገመዳን ሽንኩርት ማሳቸው ውስጥ አገኘኋቸው። «አካም ጂርቱ» ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ ያለኝን ኦሮምኛ ግማሹን ጨረስኩ። ከዚያ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? አባቴ፣ ሃያ ጊዜ መጥተው ይትፉልን ይባላል? አልኩ እንጂ፤ ምን አደርጋለሁ። ሲስቁ ቆዩና ምርቃት በትእዛዝ አይሆንም አሉ፤ ለልጄ ስል ግን እመጣለሁ፣ አይቼ ካማረችኝ እመርቃታለሁ። ካማረችኝ የምትለዋን ቃል ያኔ ልብ አላልኳትም።

እጃችን ለምዶ መስበሩ ቀንሶልን ነበር፤ የመጀመሪያዋ ቁራጭ ስትደርስ ኦቦ ገመዳ መጡ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ማስኩን አወረዱ፣ መረቁ፤ ሦስት ነጠብጣብ፣ ልክ በመጠኑ። ሃዊ አጠበቻት። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ጥበቃው ሽንኩርት ለምዶ ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን ያይ ነበር። ሦስተኛዋ ከሁሉም የበለጠች ነበረች። ለክተናት ነበር፤ እንከን የላትም። ሽፋኗን እኔው ራሴ በኩራት አነሣሁ።

ኦቦ ገመዳ አዩዋት። ዞረው አዩዋት። ጎንበስ ብለው አዩዋት። ከዚያ ማስካቸውን ሳያወርዱ ይቺን አልወደድኳትም አሉ።

ምኗን ብዬ ጮህኩ። ምኗን እንደሆነ አላውቅም፣ አላማረችኝም፤ ያላማረኝን አልመርቅም አሉ። የልኬቱን ወረቀት አሳየኋቸው። ወረቀቱ ጥሩ ነው አሉ። ለመንኳቸው። ሃዊ ለመነቻቸው። በዓለም ላይ ያሉ የመስታወት ሠሪዎች ሁሉ መስታወታቸውን ምራቅ እንዳይነካው ሲጠነቀቁ፣ እኔ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ጓንት አጥልቄ፣ ተንበርክኬ «አንዴ ብቻ እትፍ ይበሉልኝ» እያልኩ ነበር። ፍንክች አላሉም። ጫማቸውን አድርገው ሄዱ።

ምን ይደረግ? እንደ ሌሎቹ አጠብናትና የሆነውን እንዳለ ጻፍን። ሃዊ ቅጹን ሞላች፤ «ተራ ቁጥር አሥራ አራት፤ አልተፈጸመም፤ ሽማግሌው አልወደዷትም።» ከልኬቱ ጋር አያይዘን፣ እንዲህ ያለች እንከን የለሽ መስታወት ስለሆነች በልዩ ሁኔታ ትታይልን ብለን ላክን። ይህን ያህል የተማሩ ሰዎች ይህን እንዴት አይረዱም! አልኩ።

ትናንት መልስ መጣ። ሁለት መስመር ነው። ልኬቱን መርምረነዋል፣ በጣም ግሩም ነው ይላል። ቀጥሎም፦ «ይሁን እንጂ ቁራጯ ምራቅ ስላልነካት ንጹሕ ናት ብለን መቀበል አንችልም።»